ሰርዶ የተከለች አስተማሪ

መካነ ሰላም የተመደብኩት በእርሻ አስተማሪነት ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ኩታበር ተወልጄ ያደግሁ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በቅርቡ የወጣሁ፣ ስለ አፈርና ስለ አረም የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ። ቁጣዬም ያን ጊዜ አፍንጫዬ ላይ ነበር። አሁን ቀንሷል ይሉኛል፤ እኔ ግን አላምናቸውም።

ቤት የተከራየሁት ከአንድ የድጓ መምህር ግቢ ውስጥ ነው። ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንዲት ልጃቸው ደጎሎ አግብታ ትኖራለች። የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር የሚያዩት አልነበረም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመራቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ ውለው ይመለሳሉ። መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል።

ከአጥሩ በር ወዲያ ያለው መንገድ ጠጠር ስለሆነ አያስቸግራቸውም። ጉዱ ያለው ከቤታቸው ደጃፍ እስከ አጥሩ በር ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። መሬቱ ዋልካ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት እዚያው ላይ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተጎድቶ ሁለት ወር ሙሉ ተኝተዋል።

ያስታመመቻቸው ልጃቸው ነበረች። ለጥምቀት ስትመጣ አየኋት፤ ቆፍጣና፣ ፈጣን፣ አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትወድ ሴት ናት። በሄደችበት ቀን በቅሎዋ ላይ ሆና ቁርጡን ነገረቻቸው።

“አባባ፣ ለመስቀል እመጣለሁ። የምመጣው ሁለት በቅሎ ይዤ ነው። በዚህ ክረምት አንድ ጊዜ እንኳ ወድቀው ከሆነ፣ ጭኜዎት ነው የምሄደው። ክርክር የለም።”

እሷ ከሄደች በኋላ የኔታ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ “ደጎሎ ጥሩ አገር ነው። ገብሱም ስንዴውም ይሰጣል። ልጄም ታከብረኛለች። ግን እዚያ እግሬ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ጥግ ተቀምጬ፣ ሰው እጄን ሲይዘኝ ብቻ እየተነሳሁ ልኖር ነው።” አንጀቴን በሉኝ። እኔ ደግሞ አንጀቴን ሲበሉኝ ወዲያው አፌ ይከፈታል።

“የኔታ፣ በዚህ ክረምት አይወድቁም።”

“እንዴት አድርገሽ?”

“የእርሻ አስተማሪ አይደለሁም እንዴ!”

ሳቁ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና “እንግዲህ እናያለን፤ እኔ ባላይም እግሬ ያያል” አሉ።

ድንጋይ ለምን አይነጠፍም እንዳትሉኝ። እኔም ብዬ ነበር። “የወደቅሁትስ ድንጋዩ ላይ አይደል?” አሉኝ። ጭቃ የለበሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጭቃው ይብሳል። የታጨደ ሣር እንዳይጎዘጎዝ፣ በሦስተኛው ቀን በስብሶ ራሱ ጭቃ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሥር ያለው፣ መሬቱን የሚይዝ፣ በቀን አራት ጊዜ ተረግጦ የማይሞት፣ አጭር ነገር ነው። ደብተሬን አውጥቼ ዝርዝር ጻፍኩ። ያን ጊዜ ዝርዝር ሳልጽፍ ውኃ እንኳ አልቀዳም ነበር።

በመጀመሪያ ያመጣሁት ማገጥ ነው። ጨፌው ዳር በሦስት በሦስት ቅጠል ተዘርግቶ፣ ሐምራዊ አበባውን ብቅ አድርጎ ሳየው “ይኸውላችሁ ምንጣፍ!” ብዬ ደስ አለኝ። በበልጉ ዝናብ ተከልኩት፤ ያዘ፤ አማረም። የኔታ ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት።

“ልጄ፣ ይሄ እንደ ቅቤ ነው።”

“ለስላሳ ነው ማለትዎ ነው?”

“ቅቤ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ?”

ወርጄ ራሴ ረገጥኩት። ቅጠሉ እግሬ ሥር ተፈጭቶ፣ ተረከዜ ሄደ፣ አጥሩን ይዤ ተረፍኩ። ማገጥን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ።

ከዚያ ከአቀስታ የሚመጣ አንድ የበግ ነጋዴ ለምኜ ከለጋምቦ ውርጭ የለመደ ጓሳ አስመጣሁ። ጓሳ ጠንካራ ነው፣ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ለእግር ግን አይሆንም፤ ጉች ጉች እያለ ነው የሚበቅለው። የኔታ ገና በሦስተኛው እርምጃ መቋሚያቸው ተሰንቅሮ ቀረና “አሁን ደግሞ ጉቶ ተከልሽልኝ?” አሉ። እሱንም ሰረዝኩ።

ያው ነጋዴ ግን በዚያው ጭነት ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ አንድ እቅፍ ጦስኝ ከነሥሩ ጨምሮልኝ ነበር። ጦስኝ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነውና ልሞክረው ብዬ ተከልኩት። የኔታ ሲረግጡት ሽታው ግቢውን ሞላው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ዛሬም አይረሳኝም። ሆኖም በሁለት ሳምንት መሐል መሐሉ ተረግጦ ግንዱ እየተሰበረ መድረቅ ጀመረ። ተስፋ ቆርጬ ልነቅለው ስል እጄን ያዙኝ።

“ተይው። መሐል ለመሐል አይሁን እንጂ፣ ዳርና ዳር አድርጊው። ከመንገዴ ስወጣ በሽታው ይነግረኛል።”

ይህን ማሠልጠኛ ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። ዳርና ዳሩን በጦስኝ አጠርኩት። መሐሉ ግን ባዶ ነው፤ ግንቦትም ደርሷል። ዝርዝሬ አልቆ ራሴን ስይዝ የኔታ ጠየቁኝ።

“ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ያለው ሣር ምንድን ነው? ደብሩ በሙሉ በየሰንበቱ ይረግጠዋል። እኔም ጫማዬን አውልቄ አርባ ዓመት ቆሜበታለሁ። በክረምትም አያንሸራትት፣ በበጋም አያልቅ።”

ነጠላዬን አጣፍቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሰርዶ ነው!

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሰርዶ ግን በወሎ ገበሬ ዘንድ መዳብም አይደል። ማሳ ውስጥ ገብቶ ሥሩን ከሰደደ ማረሻ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ሁሉ ደግሞ ይበቅላል። እኔ ራሴ በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ “ሰርዶ ከአደገኛ አረሞች አንዱ ነው፤ ከነሥሩ ነቅሎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል” ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

“የኔታ፣ እኔ ሰርዶ ከተከልኩ በሰኞው የመምህራን ስብሰባ ግለ ሂስ አውርጂ ነው የሚሉኝ።”

“እኔ ከወደቅሁስ ማን ግለ ሂስ ሊያወርድ ነው?” አሉ።

በገበያ ቀን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ፣ ከመንገድ ዳር ሰርዶ ቆፍሬ በጆንያ አመጣሁና እየቆራረጥኩ ተከልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ያፈርኩት በሰርዶው ነበር፤ ሊያሳፍረኝ የሚገባው ግን ዝምታዬ ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ሰርዶው ከጦስኝ እስከ ጦስኝ ተሳስሮ አርባ ሁለቱን እርምጃ ሞላ። የኔታ እየተመላለሱ ረገጡት፤ በተረገጠ ቁጥር ይበልጥ ተኛ። እኔም አውቃለሁ ባይ ነኝና፣ ደስ ብሎኝ ለመምህራን ሴሚናር ወደ ደሴ ሄድኩ።

ከአጥራችን ባሻገር የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ ማሳቸው ላይ አንድ አረም ቢታይ እንደ ስድብ የሚቆጥሩ እስላም ገበሬ ናቸው። ልጃቸው እኔ ዘንድ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። ከደሴ በአቀስታ በኩል በጭነት መኪና ስንገላታ ውዬ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ግቢ ስገባ፣ ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፈው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል።

“አብሽሪ፣ አስተማሪዋ! ሥራሽን ጨርሰንልሻል!”

መሬቱን አየሁ። ከጦስኝ እስከ ጦስኝ ያለው ልሙጥ፣ ባዶ፣ ጥቁር ዋልካ ነው። ሰርዶዬ በሙሉ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ደርቋል።

“አንቺ ደሴ ስትሄጂ ጊዜ ግቢውን ሰርዶ በላው። የእርሻ አስተማሪዋን ሰርዶ አሸነፋት ብለው እንዳይስቁብሽ፣ ስድስት ሰው ሆነን ገባንበት። ልጄ ከደብተሯ አነበበችልን፤ ወላሂ፣ ልክ አንቺ እንዳስተማርሽው ከነሥሩ ነቅለን ፀሐይ ላይ ሰቀልነው። ጦስኙን ግን አልነካንም፤ እሱ ይጠቅማል።”

እንግዲህ ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀቱም አይችለው። አባቴ የሚሆኑ ሰውዬ ላይ ጮህኩ። ማን ንኩ አላችሁ አልኩ፣ የሰው ግቢ ምን አስገባችሁ አልኩ። ጎረቤታችን ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የኔታ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ሰርዶው የተነቀለው እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነበር። ሲመለሱ እግራቸው ጭቃ አገኘ፤ አጥሩን ይዘው ቀስ ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ናቸው እጃቸውን ይዘው የሚያወጧቸው።

“ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?” አልኩ፣ አሁንም እየጮህኩ።

“ደስ ብሏቸው ነበራ። ላባቸውን እየጠረጉ ‘የኔታ፣ ግቢዎን አጸዳንልዎ’ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? አንቺስ፣ ሳትነግሪያቸው የሚያውቁት ነቢያት ናቸው እንዴ?”

ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ በቦታው ፍርሃት ገባ። ሐምሌ መጥቷል። ሌላ ሰርዶ እየቆራረጥኩ ብተክል እስኪጋጠም ክረምቱ ይጋመሳል፤ እስከዚያ አንድ ቀን መውደቃቸው አይቀርም። ሁለተኛዋን በቅሎ፣ ባዶ ኮርቻዋን፣ የማያት ያህል ሆነብኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። “ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው” ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ማገጡን፣ ጓሳውን፣ ሰርዶውን ራሴ መትከሌን፣ ማፈሬን። መጀመሪያ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጀመራቸው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። “ሰርዶ ተከለች! ያ አላህ፣ ሰርዶ ተከለች!” እያሉ ሚስታቸውን ጠሩ፤ እሳቸውም መጥተው ሳቁብኝ። ስለ ደጎሎዋ በቅሎ ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት።

“የኔታ ከዚህ አገር ሊወጡ? በሣር ምክንያት?” አሉ ጎረቤታችን። “ከነገ ወዲያ ጠብቂኝ። እኔም አፉ በይኝ።”

በቀጠሮው ቀን ገና ሻይ ሳልጠጣ ከውጭ የሰው ድምፅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት አሥራ አምስት የሚሆኑ ገበሬዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አህያ እየነዱ በቁልቁለቱ ሽቅብ ይመጣሉ። በአህዮቹ ላይ የተጫነው ሰርዶ ነው። የተቆራረጠ አይደለም፤ እንደ ጡብ እየተቆረሰ፣ ከነአፈሩ ከየማሳው የወጣ ነው። ለሌላ ሥራ ደቦ አይቻለሁ፤ ለሰርዶ ደቦ ሲወጣ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ደስታቸውስ! ዕድሜ ልካቸውን ጠላታቸው የነበረውን ነገር የሚፈልግ ሰው አገኙ። በሬውን እንደሚያወድስ ሰው ሰርዶውን የሚያወድስ በዛ። “የኔን ውሰጂ! ሦስት ዓመት አርሼው ያልሞተ ነው!” ይላል አንዱ። “ያንተማ ምን ሰርዶ ነው? የኔ ማረሻ የሰበረ ነው!” ይላል ሌላው። አንዱማ ቁራሹን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ፎከረበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ እኔ ከበልግ ጀምሮ የለፋሁበት መንገድ ከምሳ በፊት ለበሰ።

የቀረው መርገጥ ነው፤ ሥሩ ከዋልካው ጋር እንዲያያዝ መጠቅጠቅ አለበት። የኔታ ይህን ሲሰሙ ተማሪዎቻቸውን አስጠሩ። ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተሰልፈው ቆሙ፤ አንዱ ተማሪ ልማድ ሆኖበት ዜማውን ሊያነሳ ሲል የኔታ በመቋሚያቸው አስቆሙት።

“ወረብ ለሰርዶ አይወረብም! አፍ ይዘጋ፤ እግር ብቻ።”

ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ምት ሰጧቸው። ሁለቱ ረድፎች እየተቀራረቡ፣ እየተራራቁ፣ ዝም ብለው ረገጡ። ጎረቤታችን ትንሽ ቆመው አዩና “የኔታ፣ እኛም እንርገጥ?” አሉ። “እግር ያለው ሁሉ ይርገጥ” አሉ የኔታ። ጎረቤታችንም የመንዙማቸውን አካሄድ ይዘው ከጥግ ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ እኔም ጫማዬን ወርውሬ ገባሁ። ያን ቀን በሳቅ ጎኔን አሞኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የዋልኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማታ ገብስ ቆሎ ቆረጠምን፤ ክርስቲያኖቹ ጠላ፣ እስላሞቹ የማያሰክረውን ቃሪቦ ጠጡ።

ሰርዶውም አላሳፈረን። በፍልሰታ ጾም የኔታ የተማሪዎቻቸውን እጅ ለቀው ብቻቸውን ወጡ። እኔ መስኮቴ ላይ ትንፋሼን ይዤ አብሬ እቆጥራለሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ የጦስኙ ሽታ እኔ ዘንድ ደረሰ። ቆም አሉ፤ አሸተቱ፤ ተመለሱ። አርባ ሁለት ሲሞላ አጥሩን ነክተው ወደ መስኮቴ ዞሩ። “እዚያ ሆነሽ እንደምትቆጥሪ አውቃለሁ!” ብለው ጮሁ። ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ በመጀመሪያው የሰኞ ስብሰባ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነስቼ ሰርዶ መትከሌን ተናዘዝኩ። ሰብሳቢው “ሂስ ያለው?” ሲሉ አንድም እጅ አልወጣም፤ ሁሉም ሲስቁ ነበር።

በመስቀል ዋዜማ ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ አባራና የደጎሎዋ ልጅ ደረሰች። እንዳለችውም ሁለት በቅሎ ይዛለች፤ አንደኛዋ ባዶ ኮርቻ። በሩ ላይ በቅሎዎቹን አስራ ገባችና ቆመች። ፊት ለፊቷ እስከ አባቷ ደጃፍ ድረስ የተዘረጋ አረንጓዴ ነገር አየች። ጫማዋን አየች፤ ጭቃ ነው። የሰው ልፋት አይረገጥም ብላ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ በጦስኙ ማዶ ዋልካው ላይ ገባች። ሁለት እርምጃ አልሄደችም። “እሪ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ስወጣ በጀርባዋ ተዘርራለች።

የኔታ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። ሰርዶውን እየረገጡ፣ እንደ ጎልማሳ ፈጥነው ወርደው፣ መቋሚያቸውን ዘረጉላት።

“ልጄ፣ አንቺ ነሽ? ለምን በሣሩ አልመጣሽም?”

“እንዳልረግጠው ብዬ ነዋ፣ አባባ!”

“ለእግር ነው የተተከለው። ዘንድሮ ስንት ጊዜ ወደቅሽ?”

“ኧረ ገና አሁን! አንድ ጊዜ!”

“እንግዲያው ክርክር የለም” አሉ የኔታ። “አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ብቻውን አይተውም። እዚሁ እኔ ዘንድ ሰንብቺ።”

እሷ ጭቃው ላይ ቁጭ እንዳለች ቀና ብላ አየቻቸው። የቆሙበትን አየች፤ እግራቸውን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች መቋሚያውን ይዛ ተነሳች።

ሳምንት ሰነበተች። ስትሄድ የኔታን እንሂድ አላለቻቸውም። ጎረቤታችን ግን ማለዳ ተነስተው ከማሳቸው ዳር ሁለት ጆንያ ሰርዶ ከነአፈሩ ቆፍረው አምጥተው፣ በዚያች ባዶ ኮርቻ ላይ በገመድ አሰሩት። ያዘዟቸው የኔታ ናቸው።

“ከቤትሽ ደጃፍ እስከ አጥርሽ በር ትከይው” አሏት። “ዳርና ዳሩን ጦስኝ አድርጊበት። ሲይዝ ላኪብኝና እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ደጎሎም እግሬ የሚያውቀው ነገር ይኖራል።”